የሊነክስ ሶፍትዌር ሬይድ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ሃርድ ዲስኮች የሊነክስ ሬይድ ማስተዳደሪያ በሆነው በኤምዲአድም አጣምሬ በሬይድ 1 (ያው መረጃ በሁለቱም ዲስኮች ላይ በሚጻፍበት አሠራር) ስጠቀም ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ስምንቱን ወር መኖሩን እንኳ ረስቼው ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አይገኝለትም። ፈተናው የመጣው ሲስተሙን ወደ አዲስ ስሪት ባሻሻልሁ ዕለት ነው።

ማሻሻያው ያለ አንዳች ስሕተት ተጠናቀቀ፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደገና ሲነሣ የመረጃ ፓርቲሽኑን (መረጃው ያለበትን የዲስክ ክፍል) ስላጣው በአደጋ ጊዜ ሼል (ትዕዛዝ እየተጻፈ ጥገና በሚደረግበት ገጽ) ላይ ቆመ። አንደኛው ዲስክ ሞቷል ብዬ ደመደምሁና፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ የአንዱን ገመድ ነቀልሁ፤ ይህ ችኮላዬ ኋላ ላይ ተጨማሪ ሥራ አስከትሎብኛል። አስቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን፣ የሬይዱን ሁኔታ የሚያሳየውን የኤምዲስታት ፋይል ዘግይቼ ስከፍተው፣ ችግሩ የዲስክ ሳይሆን የስም መሆኑን አየሁ፤ ኤምዲ0 የነበረው ሬይድ ኤምዲ127 ሆኗል። ማሻሻያው ነባሩን የኤምዲአድም ማዋቀሪያ ፋይል ላቆይ ወይስ በአዲሱ ልተካ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሳላነብ ይተካ ያልሁት እኔው ነኝ፤ በዚህም ሬይዱን የሚያስተዋውቀው መስመር ጠፋ። ኢኒትራምኤፍኤስ (ሲስተሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጫነው ትንሽ የፋይሎች ስብስብ) ደግሞ አዲስ ሲዘጋጅ የሚቀዳው ይህንኑ ፋይል ስለሆነ፣ ሬይዱ እንደ ባዕድ ተቆጥሮ ከ127 ወደ ታች ከሚሰጡት ቁጥሮች አንዱ ደረሰው። በኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሣ የሚከፈቱት ፓርቲሽኖች በሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ በዩዩአይዲ (በማይለወጠው መለያ ቁጥር) ፈንታ ኤምዲ0 ብዬ መጻፌም የእኔው ጥፋት ነው።

መፍትሔው አጭር ነበር፤ የኤምዲአድም የዝርዝር ቅኝት ትዕዛዝ ያወጣውን፣ ሬይዱን የሚያስተዋውቀውን መስመር በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ አስገባሁ፣ ኤፍኤስታብን ወደ ዩዩአይዲ ቀየርሁ፣ ኢኒትራምኤፍኤስን እንደገና አዘጋጀሁ። የነቀልሁት ዲስክ ግን በኤምዲስታት ላይ ከሁለቱ የ«ዩ» ምልክቶች (እያንዳንዱ በሥራ ላይ ያለ አንድ ዲስክ ያመለክታል) አንዱን በሰረዝ አስተክቶ ቀርቷል። የሁለቱን ዲስኮች የክንውን ቆጠራ (በሬይዱ ላይ ለውጥ ሲደረግ የሚያድገውን ቁጥር) አመሳክሬ ወደ ኋላ የቀረው የትኛው እንደሆነ ካረጋገጥሁ በኋላ መልሼ ጨመርሁት፤ የጽሑፍ ቢትማፕ (የተለወጡትን ክፍሎች የሚመዘግብ ሰንጠረዥ) ስለነበረው የተቀዳው የተለወጠው ክፍል ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት ሬይዱን እንደ አዲስ የመፍጠር ትዕዛዝ መስጠት እጅግ አደገኛ መሆኑን ላሳስብ እወዳለሁ፤ ሱፐርብሎኩ (የሬይዱ አወቃቀር በዲስኩ ላይ የተመዘገበበት ክፍል) በላዩ ስለሚጻፍበት፣ አንድ ቅንብር ከተሳሳተ መረጃው ይበላሻል።

በእነዚህ ወራት አንድም ፋይል አላጣሁም። ሆኖም በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ስለሚጠፋ፣ መጠባበቂያ ቅጂዬን በሌላ ዲስክ ላይ መያዜን አልተውሁም። የማልወድለት ዝምታውን ነው፤ የማሳወቂያ ኢሜይል አድራሻ ካልተሞላና ደብዳቤ የሚልክ ፕሮግራም ከሌለ፣ አንዱ ዲስክ ቢወድቅም ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፣ ባለቤቱም አያውቅም። እኔም አድራሻዬን የሞላሁት ከዚያ ዕለት በኋላ ነው።