ካምቢዮ ሳያወርድ የዘይቱን ምንጭ ላገኘልኝ መካኒክ ምስጋና

ኮሮላዬ ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። መጀመሪያ ያሳየሁበት ጋራዥ ጎንበስ ብሎ አየና «የኋላው ኦይል ሲል ነው፤ ካምቢዮ ይውረድ» አለኝ። ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የዚህ ሲል ዋጋ አያስፈራም፤ ወገብ የሚቆርጠው ካምቢዮ ለማውረድና መልሶ ለመግጠም የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ነው። «ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑም ይቀየር» መባሉ ደግሞ አይቀርም።

በጓደኛዬ ጥቆማ ያገኘሁት መካኒክ ግን «እህቴ፣ ዘይት ከላይ ወጥቶ ታች ነው የሚንጠባጠበው፤ ምንጩን ሳላይ ካምቢዮ አልነካም» አለ። ሞተሩን አጥቦ በኮምፕረሰር አየር አደረቀው። ከዚያ በየመጋጠሚያው የሕፃናት ፓውደር ነስንሶ «እንደ ወትሮሽ ንጂና ተመለሺ» ብሎ ሸኘኝ።

ስመለስ ባትሪ አብርቶ ትንሽ መስታወት ከሞተሩ ጀርባ አስገባና አሳየኝ። በነጩ ፓውደር ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጠርዝ ተነስቶ እስከ ካምቢዮው አፍ ወርዷል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ፓውደር ደረቅ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ጠርዙን የሚያሽገው የጋስኬቱ ጎማ ጠጥሮ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ፤ የካንዴላዎቹ ጉድጓድም ዘይት አቁሯል።

ሌላው ቢሆን ጋስኬት ቀይሮ ይሸኘኝ ነበር። እሱ ግን የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቭ ነቅሎ ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቀው፤ ድምፅ የለም። ደህና ከሆነ ውስጡ ያለው ብረት ይንቀጫቀጫል። ቫልቩ ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት ዘይቱን በደካማው ጠርዝ እየገፋ ያስወጣዋል፤ አዲስ ጋስኬትም ቢሆን ብዙ አይቆይም። አሮጌዎቹን ዕቃዎች አስይዞ አዲስ እንድገዛ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላከኝ፤ ጎማው የጠጠረ እንዳልቀበልም አስጠነቀቀኝ።

ቡሎኖቹን ያጠበቀው ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ፣ ከመሐል ወደ ዳር ነው። ሲሊኮን የቀባው ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ነበር። ዙሪያውን በሲሊኮን የሚለቀልቁ ብዙዎች ናቸው፤ የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ወድቆ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን እንደሚችል ለደንበኛ የሚነግር ግን አላጋጠመኝም። በዚያው የራዲያተር ጎማው ማሰሪያ ላይ የደረቀ የኩላንት ዝገት መሳይ ቅሪት አይቶ አጠበቀልኝ፤ ለዚህ ምንም አላስከፈለኝም።

አሁን ማታ ከመኪናዋ ሥር የማነጥፈው ካርቶን ደረቅ ሆኖ ያድራል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

ለምትሄዱ ግን ልንገራችሁ፤ ሰውየው ቸኩሎ አይሠራም፣ በሥራ ላይ ስልክ አያነሳም፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝም ክዳን አይከፍትም። መኪናችሁን ለማሳደር ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ያላችሁና አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልካለሁ።