ጅማ ላይ መንጋጋዬን ያየልኝ የጥርስ ክሊኒክ

ሦስት ወር ሙሉ ጆሮዬን ያመመኝ መስሎኝ ነበር። አፌን ስከፍት ከጆሮዬ ፊት ቀጭ ይላል፣ ጠዋት ደግሞ መንጋጋዬ ድርቅ ብሎ ዳቦ መግመጥ እንኳን ያቅተኛል። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ጤነኛ ጥርሴን ሊነቅሉብኝ ነበር። እግዜር ነው ያወጣኝ።

እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለው ይሄኛው ክሊኒክ ግን ሌላ ነው። ሐኪሟ ሁለት ጣቷን ጆሮዬ ፊት አድርጋ "ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ አሁን ይዝጉ" አለችኝ። ከዛ ጡጫዋን በመዳፏ ይዛ አሳየችኝ። የመንጋጋው መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚያደርግ ትንሽ ዲስክ አለ፣ እሱ ከቦታው ሸርተት ብሎ ሲመለስ ነው ቀጭ የሚለው። ድምፁ ብቻውን፣ ህመም ከሌለው፣ ብዙ ጊዜ ህክምና አይፈልግም። የኔን ያባባሰው ሌሊት ጥርስ ማፋጨቴና ጫት ነው። እዚህ ከተማ ጫት ተው ማለት ከባድ ነው፣ ግን ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ማኘክ ጡንቻውን እንዴት እንደሚያደክመው ሳትቆጣ ነገረችኝ።

ቆሎና ማስቲካ ቀረ። ፍርፍርና ሾርባ፣ ሞቅ ያለ ፎጣ ጉንጬ ላይ፣ ለጥቂት ቀን የህመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌን፣ ማታ ደግሞ ጥርሴ ላይ አድርጌው የምተኛው በጥርሴ ልክ የተሠራ ፕላስቲክ።

ወረፋው ያማርራል። ፕላስቲኩም መጀመሪያ ድዴን ስለወጋኝ ተመልሼ ሄድኩ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሞረዱልኝ። አሁን ስድስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ቀጭታው አልጠፋም፣ ህመሙ ግን ለቆኛል።