የቁልፍ ሰርቨር ልትገዙ ነው? «ስታንዳርዱን ይደግፋል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ

ለመሥሪያ ቤታችሁ የኢሜይል ምስጠራ ሰርቨር ልትገዙ ከሆነ፣ ውሉ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት። «ሰርቨሩ መልስ ሲሰጥ በምን ቅርጽ እንደሚሰጥ የሚዘረዝር ሰነድ አላችሁ?» በሉት። አለን ካለ፣ እስኪልክላችሁ ጠብቁ። «እኛ እኮ ስታንዳርዱን ነው የምንከተለው» ብሎ ሊያልፋችሁ ከሞከረ ግን ብዕሩን አስቀምጡ። እኔ ይችን ሳልጠይቅ የሁለት ዓመት ውል ፈርሜ ተበልቻለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፒጂፒ በሚባለው የምስጠራ ዘዴ የተመሰጠረ ኢሜይል ለሰው ለመላክ የዚያ ሰው ይፋዊ ቁልፍ ያስፈልጋችኋል። ይፋዊው ቁልፍ መልእክቱን ይቆልፋል፤ የሚከፍተው የግል ቁልፉ ግን ባለቤቱ ጋ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ቁልፉ የሚገኘው ከቁልፍ ሰርቨር ነው። ፕሮግራሞች ከነዚህ ሰርቨሮች ጋር የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ኤችኬፒ ይባላል። ድረ ገጽ ከመክፈት ብዙም አይለይም። ፖርቱ ከድሮ ጀምሮ 11371 ነው። የኢሜይል አድራሻ ወይም የቁልፍ አሻራ (ቁልፉን ከሌላው የሚለይ ረጅም ቁጥር) ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ወይ ቁልፉን ራሱን፣ ወይ ያገኛቸውን ቁልፎች ዝርዝር ይመልሳል።

ዝርዝሩ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ለሰው ዓይን የተሠራ የኤችቲኤምኤል ገጽ ነው። ይሄኛው ደንብ የለውም፤ ሰርቨሩን የሠራው ሰው እንዳሻው ያስጌጠዋል። ሌላው ለፕሮግራም የሚሆነው ነው። ጥያቄው ላይ «ኤምአር» የሚል አማራጭ ትጨምራላችሁ፣ ማሽን የሚያነበው ለማለት ነው። ያኔ ጌጡ ይቀርና በሁለት ነጥብ (:) የተከፋፈሉ ደረቅ መስመሮች ይመጣሉ። የመጀመሪያው መስመር «ኢንፎ» ብሎ ይጀምርና ስንት ቁልፍ እንደተገኘ ይናገራል። ቀጥሎ ለየቁልፉ አንድ «ፐብ» መስመር አለ። መለያው፣ የአልጎሪዝሙ ቁጥር፣ ርዝመቱ፣ የተፈጠረበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምልክቶች። ከሥሩ የባለቤቱ ስምና ኢሜይል ያለበት «ዩአይዲ» መስመር ይከተላል። ቀኖቹ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1970 መግቢያ ጀምሮ በሰከንድ የተቆጠሩ ናቸው። ለሰው ያታክታል። ለስክሪፕት፣ ማለትም ሥራውን በራሱ ለሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ ግን ማር ነው።

የእኔ መከራ የመጣው ከመጨረሻዎቹ ምልክቶች ነው። ሦስት ናቸው፤ «አር» ቁልፉ ተሽሯል፣ «ዲ» ታግዷል፣ «ኢ» ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

ዲሞው ላይ ያሳዩን የሰው ገጹን ነበር። እውነት ለመናገር ያምራል። የተሻረ ቁልፍ በቀይ ይጻፋል፣ ጊዜው ያለፈበት በግራጫ። ሻጩ «ኤምአርንም ሙሉ በሙሉ ይደግፋል» አለ፣ በራሪ ወረቀቱም ላይ ተጽፏል። እኔም አንድ ሁለት ጤነኛ ቁልፎች ፈልጌ፣ መስመሮቹ ሲመጡ አይቼ ረካሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ከዚያ ስክሪፕት ጻፍኩ። ማታ ማታ የደንበኞቻችንን ቁልፎች በኤምአር እየጠየቀ፣ «አር» ወይም «ኢ» ካየ ቁልፉን ከዝርዝራችን ያወጣል። ካላየ ይተወዋል። ለወራት ምንም ቁልፍ አላወጣም። እኔም «ደንበኞቻችን ጠንቃቆች ናቸው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከደንበኞቻችን አንዱ ስልክ ደወለ። «ያንን ቁልፍ ከሻርኩት እኮ ቆየ» አለኝ። «ላፕቶፔ ተሰርቆ ነው የሻርኩት። እናንተ ግን እስከዛሬ በሱ እየመሰጠራችሁ ትልኩልኛላችሁ።» ላፕቶፑን የወሰደው ሰው የግል ቁልፉንም አብሮ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ የላክነውን ምስጢር ለማን እንደላክነው አስቡት።

ሰርቨሩን ከፈትኩ። በሰው ገጹ ላይ ቁልፉ ደማቅ ቀይ ሆኖ «ተሽሯል» ይላል። ያንኑ ቁልፍ በኤምአር ጠየቅሁ። የምልክቱ ቦታ ባዶ ነው። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ቁልፍ፣ ሁለት መልስ።

ድጋፍ ሰጪውን ደወልኩለት። ትሕትናው ለጉድ ነው። «ይሄ ስህተት አይደለም፣ ስታንዳርዱ የሚፈቅደው ነው፤ ሰነዱን ያንብቡት» አለኝ። አነበብኩት። ልክ ነው፣ ያናድዳል እንጂ! ሰርቨሮች ለዓመታት የተከተሉት የኤችኬፒ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ረቂቅ ነው። ስታንዳርድ ሆኖ ሳይጸድቅ፣ በረቂቅነቱ ነው ጊዜው ያለፈበት። በውስጡም አንዳንድ ሰርቨሮች አንዳንድ ምልክቶችን ላይሠሩባቸው ይችላሉ፣ ስለዚህ ምልክት አለመኖሩ ነገሩ የለም ማለት ላይሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አለ። ይህች አንዲት ሐረግ ሻጩን ነጻ አወጣችው። የምልክት ቦታውን ሁልጊዜ ባዶ እየተወም «እደግፋለሁ» ማለት ይችላል።

ታዲያ ረቂቁ ይህን ያህል ክፍት ቦታ ከተወ፣ ክፍቱን መሙላት ያለበት የሰርቨሩ የራሱ ሰነድ ነው። የትኛውን ምልክት ያወጣል? የትኛውን አያወጣም? ቁልፍ ሲጠፋ ምን ይመልሳል? የገዛሁት ሰርቨር ማኑዋል የድርጅታችሁን አርማ እንዴት እንደምትቀይሩ በሥዕል እያስደገፈ ለ11 ገጽ ያስረዳል። ስለ መልሱ ቅርጽ ያለው ግማሽ መስመር ነው፤ «መደበኛውን ቅርጽ ይጠቀማል» ይላል። በቃ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ባሰ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ሙሉ ምልክቶች ያሉት መልስ «የላቀ ትስስር» በሚባል ሌላ ጥቅል ውስጥ እንደሚገኝና ለብቻው እንደሚከፈልበት ነገሩኝ። የቅርጹ ሰነድም የሚሰጠው ጥቅሉን ለገዛ ብቻ ነው። ማለትም ምን እንደሚሸጡልኝ ለማወቅ መጀመሪያ መግዛት አለብኝ።

ካነሳሁት አይቀር፣ ሌላም ሌላም አገኘሁ። የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ 404 (የለም የሚል ኮድ) ብሎ መመለስ ሲገባው፣ 200 (ተሳክቷል የሚል ኮድ) ብሎ «ምንም አልተገኘም» የሚል ያማረ ገጽ ይልካል። ስክሪፕቱም «ተሳክቷል» ብሎ ያልፋል። ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ ካለ በፐርሰንት ኮድ (እያንዳንዱን ባይት በ% እና በሁለት ምልክት መጻፍ ነው) መቀየር ነበረበት፤ እሱ እንዳለ ስለሚተወው ዓምዶቹ ይዛነፋሉ። በእኛ ፊደል የተጻፈ ስምማ ጭራሽ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ በፐርሰንት ኮድ ሲጻፍ 9 ምልክት ይሆናል። ይረዝማል እንጂ ምንም የሚከብድ ነገር የለውም። ሠሪዎቹ ከላቲን ውጭ ባለ ስም አንድ ቀን እንኳ አልሞከሩትም መሰለኝ።

የራሴን ጥፋትም ልናገር። ሰርቨሩ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ፣ ቁልፍ መሻሩን ከዝርዝር መስመር ላይ ብቻ አይቶ ማመን አልነበረብኝም። መሻር ማለት ቁልፉ ውስጥ የሚቀመጥ ፊርማ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ቁልፍ አውርዶ ግኑፒጂ (ነጻው የፒጂፒ ምስጠራ ሶፍትዌር) እንዲያነበውና እንዲያረጋግጠው ማድረግ ነው ትክክሉ። አሁን እንደዚያ ነው የምሠራው። ግኑፒጂ ራሱ ለስክሪፕት የሚሰጠው በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ ውጤት አለው። የእያንዳንዱ ዓምድ ትርጉም ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጣ ፋይል ውስጥ አንድ በአንድ ተጽፏል፣ ያውም በነጻ። ኪይስ ኦፕንፒጂፒ ኦርግ የሚባለው የሕዝብ ሰርቨርም እንዲሁ ነው። ዝርዝሩ ሁልጊዜ ማሽን በሚያነበው ቅርጽ እንደሚመጣ፣ በምን በምን መፈለግ እንደሚቻል፣ የትኞቹ አማራጮች ምንም ለውጥ እንደማያመጡ በጥቂት መስመሮች ጽፎ አስቀምጦታል። የማይሠራውን ሁሉ በግልጽ ይናገራል። እኔ ከፍዬ ያጣሁት ይህንኑ ነው።

እናንተ ዲሞ ስትቀመጡ የሻጩን ቁልፎች አትመልከቱ። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ጤነኛ፣ አንድ የተሻረ፣ አንድ ጊዜው ያለፈበት፣ አንድ ደግሞ ስሙ ውስጥ ሁለት ነጥብና የግዕዝ ፊደል ያለበት ቁልፍ ፍጠሩ። በግኑፒጂ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሰርቨሩ ላይ ጫኗቸውና እያንዳንዱን ሁለቴ ጠይቁ፣ አንዴ በተራው ገጽ፣ አንዴ በኤምአር። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሻጩ በመሐል «ይሄ እንኳ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት አይደለም» ሊላችሁ ይችላል። እኔንም ብሎኛል። ዝም ብላችሁ ቀጥሉ። የሌለ አድራሻም ጠይቁና የሚመጣውን ቁጥር እዩ።

የቅርጹን ሰነድ በኢሜይል አትቀበሉ፤ የውሉ አባሪ ይሁን። ቅርጹን ሲቀይሩ ቀድመው በጽሑፍ ማሳወቅ እንዳለባቸው አንድ አንቀጽ አስገቡ። እኔ ገንዘቤን መልሱ ስላቸው ያወጡብኝ ውሉን ነው። ውሉ ውስጥ ያለው «ስታንዳርዱን ይደግፋል» የሚለው ብቻ ነበር፣ እሱንም እኔው ነኝ የፈረምኩበት።

ውሌ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል። ትናንት ደብዳቤ ልከውልኛል። ቀድሜ ካደስኩ «የላቀ ትስስር»ን በግማሽ ዋጋ ሊሰጡኝ ነው። የቅርጹን ሰነድ አስቀድመው ይልኩልኝ እንደሆነ ጠይቄ መልስ ጻፍኩ፤ እስካሁን አልመለሱም።