ለፒያሳው ጋሼ ምስጋና፣ ቫልቭ አምፕ ያላችሁ አንብቡት

ጎንደሮች እንዴት ሰነበታችሁ፣ ፒያሳ ላይ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ፣ ለሳቸው ምስጋና በአደባባይ ካላደረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከአባቴ አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ ትራንስፎርመሩንና ቫልቮቹን (ድምጽ የሚያጎሉትን የመስታወት ቱቦዎች) አውጥቼ ለኤሌክትሪክ ክራሬ አምፕ፣ ማለትም ድምጽ ማጉያ፣ ሰራሁ። ድምጹ ልብ ያሞቃል፣ ግን ክሩን ስነካ ጣቴን ይነዝረኛል። ክሬ ብረት ነው፣ በጃኩ በኩል ከአምፑ ቦዲ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ማታ እጄ ክሩ ላይ እያለ ከንፈሬ ማይኩን ነካና መብራቱ ያዘኝ፣ ወደ ኋላ ተወርውሬ ወደቅኩ። ከዚያ በፊት ያየልኝ አንድ ባለሙያ ቫልቭ እንዲህ ነው፣ ሶኬቱን ገልብጠህ ሰካው ብሎኝ ነበር።

ጋሼ ገና ገመዱን ሲያዩት ተቆጡ፣ ባለ ሁለት ሽቦ ነበር፣ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚሄደው መከላከያ ሽቦ) የለውም። ከፈቱትና የድምጽ ቫልቮቹን አውልቀው ሰኩት፣ ነቀሉት፣ ከዚያ እጄን ልሰድ ስል ያዙኝ። መልቲሜትሩን ኮንደንሰሩ (መብራት የሚያጠራቅመው ዕቃ) ላይ ሲያደርጉ ተነቅሎም 350 ቮልት አካባቢ አለ! "ልጄ ነቀልኩት ማለት ሞተ ማለት አይደለም" አሉኝ። 47 ማይክሮ ፋራድ ኮንደንሰሩ ላይ 220 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በየዱለት፣ አሁን ስነቅለው በ20 ሴኮንድ ገደማ ከ50 ቮልት በታች ይወርዳል፣ እሱንም ቢሆን ሳይለኩ አይነካም ብለዋል።

የሚይዘኝ ነገር ከራዲዮው ሳላውቅ እንዳለ የወሰድኩት ነው፣ ከመብራቱ አንድ ሽቦ ወደ ቦዲው የምትሄድ ትንሽ ኮንደንሰር፣ አርጅታ ታፈስ ነበር። አወጧት። ባለ ሶስት ሽቦ ገመድ አስገቡ፣ ቡናማው (መብራት ያለበት) መጀመሪያ ፊውዝ ከዚያ ማብሪያ፣ አረንጓዴና ቢጫውን (ግራውንዱን) ደግሞ የቦዲውን ቀለም ፍቀው ለብቻው በሆነ ቡሎን ቦዲው ላይ አሰሩት፣ ከሌሎቹም ረዘም አድርገው ነው የተውት፣ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እሱ እንዲሆን። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ እኔ በህይወቴ አላየሁም።

ሚክሰር ላይ ስሰካው ግን እምምም የሚል ድምጽ መጣ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግራውንዱን ቁረጠው ይላል፣ እኔም ልቆርጥ ነበር እውነቱን ለመናገር፣ ጋሼ ግን ቦዲው ከግራውንድ በጭራሽ አይለይም ብለው በድምጹ ዜሮ መስመር (የድምጹ መመለሻ ሽቦ) እና በቦዲው መሃል 10 ኦም ሬዚስተር ከዳዮድ ብሪጅ ጋር ጎን ለጎን አስገቡ፣ ጫጫታው ጠፋ።

በዚህ ያበቃል ስል ቤትህ ግራውንድ አለው ወይ አሉኝ። የግድግዳው ሶኬት የግራውንድ ብረት አለው፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። በእግራቸው ቤቴ ድረስ መጥተው የመዳብ ዘንግ ቀበሩልኝ፣ የመጀመሪያው ቦታ ድንጋይ ሆኖ እምቢ አለ፣ የልብስ ማጠቢያው ጋ እርጥበት ስላለ እዚያ ገባ። በጋ አፈሩ ሲደርቅ ዘንግ ብቻውን አይበቃም አሉ፣ ለምሳሌ ዘንጉ 50 ኦም ቢሆን በ220 ቮልት የሚፈሰው 4.4 አምፒር ነው፣ የቤቱ 16 አምፒር ብሬከር ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ወደ መሬት ትንሽ ሲፈስ የሚቆርጥ የ30 ሚሊ አምፒር ብሬከር አስገዝተው ቆጣሪው ጋ ገጠሙ። እሱም ቢሆን አምፑ ውስጥ ካለው 350 ቮልት አያድንም፣ ትራንስፎርመሩ ስለሚለየው ብሬከሩ አያየውም፣ ስትለካ አንድ እጅህን ኪስህ ክተት አሉኝ።

ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ አንሶብኝ ጨምሬ ስሰጣቸው ትርፉን መለሱልኝ። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ጋሼ!

አዝማሪ ቤት የምትጫወቱ፣ ማይክ ወይ ክራር ነዘር የሚያደርጋችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ይዛችሁ ሂዱ። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ ሱቃቸውን አሳያችኋለሁ፣ እሁድ ግን አይሰሩም።