ከጣሪያዬ ላይ 40 ኩንታል ላወረዱልኝ ባለሙያ

ደሴ ላላችሁ፣ በተለይ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ልታስመቱ ላሰባችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ።

እህቴ የምትኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ባለፈው ስትመጣ ከሻንጣዋ ጫማ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ 6 ጥቁር ድንጋይ ወጣ። እንደ ሰሌዳ በስሱ የተሰነጠቀ፣ ግማሽ ሜትር በ25 ሳንቲም። «እዚያ ቤት የሚከደነው በዚህ ነው፤ 100 ዓመት ይቆያል። ያንቺንም እናልብሰው» አለች። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሄደ። የጦሳ ጉም ሲያርፍበት ሁሉ ታየኝ።

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሠራተኛ «ይቻላል» ብሎ ቀብድ ጠየቀ። ግድግዳዬ ጭቃ መሆኑን እንኳ ዞር ብሎ አላየም።

ቀጥሎ ጎረቤቴ አሁን የምጠቁማችሁን ሰው፣ ጋሼን፣ አመጣችልኝ። አንዱን ድንጋይ በጣታቸው አንጠልጥለው በመዶሻ እጀታ ኳ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። እናቶቻችን ጀበና ሲገዙ እንደሚያደርጉት ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ከሱቅ ሚዛን አስመጡ። 1 ኪሎ ከ700 ግራም! ድንጋዩ እየተደራረበ ስለሚከደን ከእያንዳንዱ ግማሹ እንኳ አይታይም። ለአንድ ካሬ 20 ድንጋይ ይፈጃል፣ 34 ኪሎ። የኔ ጣሪያ 120 ካሬ ነው። ካርቶን ላይ አባዝተው አሳዩኝ፤ ከ40 ኩንታል በላይ።

«ልጄ፣ አርባ ኩንታል ጤፍ በባሕር ዛፍ ሞራሌ ላይ ልትጭኚ ነው?» አሉኝ። ቆርቆሮ ወፍራሙ 28 ጌጅ እንኳ ቢሆን ተደምሮ 5 ኩንታል ቢሆን ነው። የድንጋዩን ሥራ እሺ ብለው ቢይዙት እኮ ለወራት ይበሉበት ነበር።

28 ጌጁን መቱልኝ። ምስማሩን ጉብታው ላይ እንጂ ጎድጓዳው ላይ አልመቱም፤ ውሃው የሚወርደው በጎድጓዳው ነዋ። ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ እስኪጨፈለቅም አልደበደቡትም። መደራረቢያውን ነፋስ ከሚመጣበት በኩል አዙረው ዘጉት። አሸንዳውን ደግሞ ውሃ እያፈሰሱ ሞከሩት። በመጀመሪያው በረዶ ጩኸቱ መነጋገር ከልክሎን ነበር፣ ጠብታ ግን አልገባም።

እህቴ አኩርፋ ነበር። ጋሼ «አብሽሪ» ብለው 6ቱን ድንጋዮች የውጭ በሩ አናት ላይ ትንሽ ጥላ ሠሩባቸው። እያንዳንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው። በአሮጌ የመብራት ገመድ መዳብ ሳያጠብቁ አንጠለጠሏቸው፤ ብረት ቢሆን ዝጎ ከድንጋዩ ቀድሞ ያልቃል አሉ። አሁን የሚያልፍ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለዚያች ጥላ ነው፣ ስለ ጣሪያው ማንም ትንፍሽ አይልም።

ርካሽ አይደሉም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። ቀጠሮም አንድ ቀን አሳልፈውብኛል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። አርብ ግን ከጁምዓ በፊት አትደውሉላቸው፣ አያነሱም።