ፍሬን ሲረገጥ ሚኒሞ ለሚያጣ አሮጌ ቤንዚን መኪና፦ ቫኪዩም ጌጅ በደሴና በኮምቦልቻ

ሚኒሞ (ነዳጅ ፔዳል ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ላይ ያለ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ፍሬን ሲረገጥ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሊጠፋ ከቃጣው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ካርቡሬተሩ ነው። የሚኒሞዋ ብሎን ትጠብቃለች፣ ድምፁ ይስተካከላል፣ ባለመኪናውም ከፍሎ ይሄዳል። በሞተሩ ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ፍሬን መርገጥን የሚያግዘው፣ ተበላሽቶ አየር የሚያስገባው ሰርቮ ግን እንዳለ ነው። ይህን የሚለየው መሣሪያ ውድ አይደለም፦ ከላስቲክ ቱቦና ከቲ ማያያዣ ጋር የሚሸጠው፣ የሞተሩን ቫኪዩም የሚለካው ክብ ቫኪዩም ጌጅ። ለቤንዚን መኪና ባለቤት መግዛቱ ያዋጣል። የጌጁን ሰሌዳ ቀለም አምኖ የሚያነብ ሰው ግን ደሴ ላይ ጤነኛ ሞተር ያስፈታል።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። በብዙዎቹ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴው ክልል ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ) ገደማ ነው፤ ይህ ለባሕር ጠለል የወጣ ልክ ነው። ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር ንባቡ 1 ኢንች ገደማ ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 6፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 8 ይቀነሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ከ11 እስከ 16፣ ደሴ ላይ ከ9 እስከ 14 ቢያነብ ደንበኛ ነው። ሰሌዳው እዚያ ቦታ ላይ «ኢግኒሽን ዘግይቷል»፣ «ቫልቭ ታይሚንግ ዘግይቷል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ያንን አምኖ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ማዞር ያልነበረ ብልሽት መፍጠር ነው። ያው መኪና በሁለቱ ከተሞች መካከል የ2 ኢንች ልዩነት ስለሚያሳይ፣ የድሮና የአዲስ ንባብ የሚነጻጸረው እዚያው ከተማ ላይ ሲለካ ብቻ ነው።

ለፍሬን ምርመራ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌው እንቅስቃሴ ነው የሚጠቅመው። ሞተሩን አሙቁ፣ ካምቢዮውን ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ (ደሴ ላይ ሜዳ ማግኘት ቀላል አይደለም)። ጌጁን ማኒፎልዱ (ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቧንቧ) ላይ ካለ ቀዳዳ፣ ወይም በቲ ወደ ሰርቮ ከሚሄደው ቱቦ ላይ አገናኙ፤ ቱቦው ላይ ከሆነ፣ አየርን ወደ ሞተሩ ብቻ ከሚያሳልፈው «የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ» በማኒፎልዱ በኩል ይሁን። አሁን ሌላ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ። መርፌው ትንሽ ወርዶ ወዲያው ከተመለሰ ጤና ነው፤ ሰርቮው ሲሠራ ትንሽ አየር መሳቡ አይቀርም። ፔዳሉ እስከተያዘ ድረስ ዝቅ ብሎ ከቆየ፣ ሞተሩም አብሮ ከተንገዳገደ፣ የሰርቮው ዲያፍራም (የውስጥ ላስቲኩ) ወይም የውስጥ ቫልቩ አየር ያስገባል። በዳሽቦርዱ ሥር ከፔዳሉ አካባቢ ፉጨት ከተሰማ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ፍሬን ሳይነካም መርፌው በእኩል ልዩነት የሚዘል ከሆነ ወደ ካንዴላና ወደ ቫልቭ እንጂ ወደ ፍሬን አትሂዱ።

ጌጅ ለሌለው አንድ ፒንሳና ቁራጭ ጨርቅ ይበቃል። የሰርቮውን ቱቦ በጨርቅ ሸፍኖ በፒንሳ መቆንጠጥ፣ ከዚያ ፍሬን መርገጥ ነው። ሞተሩ ከተረጋጋ ጥፋቱ ከቆነጠጣችሁበት ወደ ሰርቮው በኩል ነው፤ ካልተረጋጋ ወደ ሞተሩ በኩል ያለውን ቱቦ፣ ማኒፎልዱንና ካርቡሬተሩን ፈትሹ። ቱቦው እንደተቆነጠጠ መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል ነው፣ የፍሬን እገዛ የለም።

ሰርቮ ከመግዛት በፊት ርካሾቹን ጨርሱ። ቱቦው የሚሰነጠቀው ጫፉ ላይ፣ ፋሸታው (ማሰሪያው) ሥር ነው። ርዝመቱ ከፈቀደ የተሰነጠቀውን ቆርጦ መልሶ ማሰር ይቻላል። በቀጭን የቤንዚን ቱቦ መተካት ግን አያዋጣም፣ ሲስበው ይጨማደድና ይዘጋል። የአንድ አቅጣጫ ቫልቩን አውጥታችሁ ንፉት፦ ከሰርቮው በኩል ማሳለፍ አለበት፣ ከሞተሩ በኩል ማሳለፍ የለበትም።

ሰርቮው መጥፎ መሆኑ ከተረጋገጠ ሰርቮው ፊት ላይ የታሰረውን፣ የፍሬን ዘይት የሚገፋውን ማስተር ሲሊንደር ፈታ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩ። እርጥብ ከሆነ የኋላ ጎሚኑ (የላስቲክ ማተሚያው) የፍሬን ዘይት ወደ ሰርቮው እያፈሰሰ ነው። ውጭ ሳይንጠባጠብ ዘይት የሚቀንስበትና አንዳንዴ ነጭ ጭስ የሚወጣበት ምክንያት ይህ ነው። ማስተሩ ሳይጠገን አዲስ ሰርቮ ቢገጠም ያንኑ ዘይት ይጠጣል። ያገለገለ ሰርቮ ስትገዙ ውስጡ ዘይት መኖሩን እዩ፤ ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉን ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ለ30 ሰከንድ ፔዳሉ ከፍ ዝቅ ካላለ ሰርቮው አየር አያስገባም።

ሚኒሞ ከፍ ማድረግን እንደ ጥገና የሚያስቡ አሉ። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ላይ ይህ አደገኛ ነው፦ የሰርቮው ቀዳዳ ከሰፋ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር እገዛው እያለቀ ፔዳሉ ይደርቃል፣ ያውም ከፍታው ራሱ የሰርቮውን ጉልበት በቀነሰበት ቦታ።

ጌጁ የማይጠቅምባቸውም አሉ። ኦቶማቲክ ቪትዝ «ዲ» ላይ ፍሬን ተይዞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ «ኤን» ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ከተወው ሞተሩን ከቦዲው ጋር የያዙትን የላስቲክ ማቀፊያዎችና የሚኒሞ አየር መቆጣጠሪያውን ፈትሹ እንጂ ሰርቮ አትንኩ። የፍሬን መብራት ፊውዝ ሲነቀል መንቀጥቀጡ ከጠፋ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል ከ4 አምፔር በታች ስለሚስብ ሞተር ማንገዳገድ የለበትም፣ ዲናሞውንና የመሬት ሽቦውን እዩ። ናፍጣ ሃይሉክስና ሃይስ ላይ ደግሞ ቫኪዩሙ የሚመጣው ከፓምፕ ነው፣ በብዙዎቹም ከዲናሞው ጀርባ ላይ። ማኒፎልዳቸው ላይ ጌጅ ሰክቶ ማንበብ ዋጋ የለውም።

ጌጅ ስትገዙ፣ ሳይሰካ መርፌው በትክክል ዜሮ ላይ መቆሙን፣ ቲው ለወፍራሙ የሰርቮ ቱቦ የሚሆን መሆኑን እዩ። በብዙ ስብስቦች ውስጥ የሚመጣው ለቀጭን ቱቦ ብቻ ስለሆነ፣ ትልቁን ቲ ለብቻው መግዛት ሊያስፈልግ ይችላል።