14 ወር ከባለካምቢዮዋ ቢስክሌቴ ጋር

ባለፈው ቅዳሜ ቢስክሌቴ 6,400 ኪሎ ሜትር ሞላች። ከተረከብኳት 14 ወር ሆነኝ። "ለመሆኑ ያወጣህባትን ያህል ናት?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምኖረው ጀርመን ሽቱትጋርት ነው። ከተማው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። መሃሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ በየትም ብትወጣ ዳገት ይጠብቅሃል። ሥራዬ ታች፣ ቤቴ ላይ ነው። ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት። ብርዱ ሲገባ ደግሞ መንገዱ በረዶ እንዳይይዝ ጨው ይበተንበታል። የድሮዋ ቢስክሌቴ በዚያ ጨው የተነሳ በአንድ የብርድ ወቅት ሁለት ካቴና ትጨርስ ነበር። ማታ ማታ ደክሞኝ ገብቼ ካቴና መጥረግና ዘይት መቀባት በጣም ሰለቸኝ። አዲሷን ያስገዛኝ ይሄ ነው፤ ፍጥነት ፈልጌ አይደለም።

ለማያውቃት ላስረዳ። በተለመደው ቢስክሌት ማርሹ ውጭ ነው። ጥርሶቹም፣ ካቴናውም፣ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የምታሻግረው ክንድም ለጭቃና ለአሸዋ የተጋለጡ ናቸው። የእኔዋ ግን ልክ እንደ መኪና ካምቢዮ አላት። ፔዳሉ የሚዞርበት ቦታ ላይ አንድ የተዘጋ ሳጥን ታስሯል። ውስጡ ሁለት ትይዩ ዘንጎች አሉ፤ ጥርሶቹ በዘይት ውስጥ ይዞራሉ። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውም ካቴና ሳይሆን በካርቦን ክር የተጠናከረ ቺንጋ ነው። ዘይት አይቀባም፣ አይዝግም፣ ሱሪ አያቆሽሽም። ልጅ ሆነን አዲስ አበባ በሰዓት ተከራይተን ስንነዳ፣ ግራሶ የጠጣ የሱሪ እግር ይዞ ቤት መግባት ምን እንደሚያስከትል የሚያስታውስ ይገባዋል።

ካምቢዮውን የሚሠራው ፒኒየን ነው። ፖርሼ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2008 ያቋቋሙት ድርጅት ነው። መቀመጫው ዴንከንዶርፍ፣ እዚሁ ሽቱትጋርት አጠገብ ነው። የእኔ ፒ1.18 የሚባለው፣ ባለ 18 ማርሹ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማርሽ ያለው ስፋት 636 በመቶ ነው። ያም ማለት በትልቁ ማርሽ አንድ ዙር ፔዳል ስረግጥ የምሄደው ርቀት በትንሹ ከምሄደው ስድስት እጥፍ ይበልጣል። የድካም ቀን ማታ፣ ጀርባዬ ላይ አስቤዛ ተሸክሜ ዳገቱን ስጀምር የመጀመሪያው ማርሽ እንደ መሰላል ነው። ቀስ ብዬ፣ ሳልወርድ፣ ቤት እደርሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ከበዱኝ። እንዲህ ዓይነት ካምቢዮ በባሕርዩ በሙሉ ኃይል እየረገጥክ ወደ ቀላል ማርሽ አይወርድልህም። ለቅጽበት እግርህን ማላላት አለብህ። መኪና የነዳ ሰው ፍሪሲዮን እንደ መርገጥ ቢያስበው ይቀለዋል። እኔ ግን ዳገት መሃል ላይ ትንፋሼ ሲያጥር ጭራሽ ይበልጥ ነበር የምረግጠው። ማርሽ የሚቀይረውን እጀታ ባዞረው አልንቀሳቀስ ይላል። ሁለት ጊዜ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እግሬ ራሱ ለመደው፤ ዛሬ ሳላስበው ነው የማላላው። በምትኩ ያገኘሁት ነገር አለ፦ ቆሜም ማርሽ እቀይራለሁ። ትራፊክ መብራት ላይ በከባድ ማርሽ ድንገት ብቆም፣ ፔዳል ሳልነካ እጀታውን አዙሬ ወደ ቀላሉ እመለሳለሁ። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ክብደቷን አልደብቅም። ካምቢዮው ብቻውን 2.7 ኪሎ ነው። ሙሉ ቢስክሌቷ በቤቴ ሚዛን 15.8 ኪሎ ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር የሚኖር ሰው ይሄንን አስቦ ይግባበት። አስፋልት ላይም ንጹህ ካቴና ካላት ቀላል ቢስክሌት ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ኃይል እንደምትበላ እግር ላይ ይሰማል። ጭቃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካቴናው አሸዋ የዋጠ ቢስክሌት ሲንቋቋ የእኔዋ ዝም ብላ ትሄዳለች።

ዝምታዋን በጣም ወድጄዋለሁ። እሑድ እሑድ ወደ ቱቢንገን በኩል ሼንቡኽ ወደሚባለው ጫካ እሄዳለሁ። መንገዱ ጠጠርና የደረቀ ቅጠል ነው፤ ሰፊ ጎማዎቿ ይወዱታል። አንድ ጠዋት ጉም ውስጥ ቁልቁል ስወርድ አንዲት አጋዘን መንገዱ ዳር ቆማ አገኘኋት። ልደርስባት ጥቂት ሲቀረኝ ነው ቀና ያለችው። (ለአዲስ ሰው፦ በዚህ ክልል ጫካ ውስጥ ከ2 ሜትር የጠበበ መንገድ ላይ ቢስክሌት መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። እንዳትቀጡ።)

ብረቷን (ጎማውና ካምቢዮው የሚታሰሩበትን ዋናውን አካል) የሠራልኝ አንድ የእጅ ባለሙያ ነው። እግሬን፣ ክንዴን፣ ትከሻዬን ለካ። እግሬ ረጅም፣ ወገቤ አጭር ስለሆነ ከሱቅ የገዛኋቸው ሁሉ ጀርባዬን ያሳምሙኝ ነበር። ይህችኛዋ ላይ አምስት ሰዓት ተቀምጬ ጀርባዬ ትዝ አላለኝም። ቧንቧዎቹ የጣሊያኑ ኮሎምቡስ ናቸው፤ ጫፋቸው ወፍራም፣ መሃላቸው ስስ ነው። የጠጠሩን ንዝረት ብረቱ ራሱ ይውጠዋል። ቺንጋ እንደ ካቴና ተፈትቶ ስለማይገጠም የኋላው ብረት ላይ በብሎን የሚከፈት መገጣጠሚያ ተሠርቶለታል። ይህን ከመጀመሪያው ያላሰበ ብረት በኋላ ቺንጋ አይቀበልም።

ቅሬታም አለኝ። በአራት ወር ትደርሳለች የተባለችው በሰባት ወር ነው የደረሰችው፤ በየወሩ የምደውለው እኔ ነበርኩ። ከደረሰች በኋላም ቺንጋው ዝናብ ሲነካው ይጮህ ጀመር። ለካ የፊቱና የኋላው ጥርስ በአንድ መስመር ላይ አልነበሩም። ቺንጋ ሚሊ ሜትር እንኳ ይቅር አይልም። መልሼ ወሰድኳት፣ ያለ ክፍያ ተስተካከለች፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም።

እንክብካቤዋ አጭር ነው። የካምቢዮ ዘይት በዓመት አንዴ ወይም በ10,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ዓመቷ ሲሞላ በረንዳ ላይ ራሴ ቀየርኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ሌላ ያወጣሁት ለፍሬን ሸራና ለአንድ የኋላ ጎማ ነው። ቺንጋው ያው የመጀመሪያው ነው።

ጠቅላላ 5,200 ዩሮ ፈጅታለች። ብዙ ብር ነው፤ ሁለት ዓመት አጠራቅሜያለሁ። በበጋ ብቻ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ጓደኛዬ ግዛ አልለውም። በዝናብም በጭቃም በየቀኑ ለሚነዳ ግን ዓይኔን ሳላሽ እላለሁ።

ሐዋሳ ያለው ታናሽ ወንድሜ በቪዲዮ አይቷት፣ "ጋሼ፣ እዚህ ብታመጣትና ቺንጋው ቢበጠስ ከየት ታገኛለህ?" አለኝ። ልክ ነው፣ አይገኝም። ካቴና ቢሆን የሰፈር ጠጋኝ ያያይዘው ነበር። ስለዚህ በመስከረም ስመጣ ትርፍ ቺንጋ ይዤ ነው የምመጣው። መቶ ግራም አይሞላም። ብቻ ሲታጠፍ ውስጡ ያለው የካርቦን ክር ስለሚሰበር ሻንጣ ውስጥ አይጠቀጠቅም። ሰፋ አድርጌ ጠቅልዬ፣ ልብስ መሃል አስተኝቼዋለሁ።